የቦምቡ ጓዳ

ዛሬ አሜሪካ፣ ቢከን ሂል ሰፈር፣ ከእናቴ ቤት ቤዝመንት በርበሬ ላወጣ ወርጄ የጓዳውን በር ገና ስከፍተው አስነጠሰኝ።

ቤቱን የገዛን ሰሞን ልጅ ነበርኩ። እናቴ ያንን መስኮት የሌለው፣ ግንቡ ወፍራም ክፍል ስታየው "ምን የመሰለ ጓዳ ነው!" ብላ በርበሬና ሽሮዋን ደረደረችበት።

አንድ ቀን እዚያ ቤት ያደጉት አሜሪካዊት አሮጊት ጎረቤታችን ሊያዩት መጡ። ገና ሲገቡ አስነጠሳቸው። እናቴ "ይማርዎት!" አለች።

"ከዓለም ጦርነቱ በኋላ፣ የሩሲያ ቦምብ ይወርዳል ሲባል አባቴ የሠራው መደበቂያ ነው" አሉ፤ እኔ አስተረጎምኩ።

እናቴ ደንግጣ ዕቃዋን ልታወጣ ስትል እጇን ያዙ። "ተዪው። ስንፈራው የኖርነው ቦምብ ሳይመጣ፣ እናንተ መጣችሁልን።"

ዛሬም በርበሬውን ሳነሳ እንደገና አስነጠሰኝ። እናቴ ያን ሁሉ ግንብ አልፎ ተሰምቷት፣ ከላይ "ይማርሽ!" አለችኝ።