ባለ ሲባጎው

ባትሪ ልገዛ ካሜራ ቤት ገብቼ ነው ሰውየውን ያየሁት። ኮቱ በደንብ ተተኩሷል፤ ከኪሱ ግን ሲባጎ ተንጠልጥሏል። ካገለገሉት ሌንሶች አንዱን ያነሳና ትንሿ ካሜራው ላይ ይገጥማል፤ ከዚያ የሲባጎውን ጫፍ ወንበር ላይ አስሮ፣ እስኪወጠር ወደ ኋላ ያፈገፍጋል።

“ጋሼ፣ የሚገዙት ሌንስ ነው ወይስ መሬት?” አለች ሻጯ።

“ሲባጎው የእናቴ ክፍል ርዝመት ነው፤ ከዚህ በላይ ብሸሽ ግድግዳው አያሳልፈኝም። ፍላሽ ደግሞ ዓይኗን ይወጋታል። እሁድ ሁላችንም አልጋዋ ዙሪያ እንሰበሰባለን። ሰፋ አድርጎ የሚያይ፣ ደብዛዛ ብርሃን የሚበቃው፣ ኪሴንም የማይጎዳ ፈልጊልኝ፣ እህቴ።”

አምስተኛው ሌንስ ጠርዙ በመጫጫሩ ዋጋው ረክሷል። ሰውየው መብራቱን አስጠፋ፤ ሻጯንና ሁለት ገበያተኞችን እህትና ወንድም አድርጎ አቆመ፤ እኔን እናቱ አድርጎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ። ዓይን አፋር ነኝ፤ እምቢ ማለት አልሆነልኝም።

“ሁላችሁም ገብታችኋል።”

“ታዲያ ልጠቅልልልዎት?”

“ቆይ፣ አንድ ሰው ይቀራል። ሁልጊዜ አንሺው እኔ ስለሆንኩ፣ ከእናቴ ጋር የተነሳሁት አንድም ፎቶ የለኝም።”

ካሜራውን ሲባጎው ያለቀበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠ፤ በራሱ እንዲያነሳ ሰዓቱን ሞልቶ እየሮጠ መጣና ትከሻዬን አቀፈ።

ፎቶውን አጎንብሶ ብዙ አየው።

“ገብቻለሁ” አለ። “ጠቅልይው።”