«ጂራ» የሚለው ድምፅ

በእህል ነጋዴዎቻችን ስልክ የሚደውል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው የሞተ ሰው ነው። ከከሚሴም ይደውል፣ ከጨፋ ሮቢትም፣ ከሰንበቴም ያው ነው። ቁጥሩን ይጫናል፣ መስመሩ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ አንድ ጎርናና ድምፅ «ጂራ» ይለዋል። ሰዉ ለምዶታል። «ይሄ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው አዲስ ሰው ብቻ ነው። እኔ ግን አልለመድኩትም። ስልኩን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ድምፁን የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ ሰውዬውን ወደ መቃብር ካወረዱትም አንዱ እኔ ነኝ።

ስልኩን ሠራሁት ስል ብቻዬን ማለቴ ነው። ራዲዮ መጠገን የጀመርኩት ጢም ሳላወጣ ነው፤ አስተማሪዬ የተሰበረ ራዲዮ ነበር። ቴሌቪዥን ሲመጣ ቴሌቪዥን ጠገንኩ፣ ሞባይል ሲመጣ ሞባይል ፈታሁ። እንግሊዝኛውን የተማርኩት ከዕቃ ጋር ከሚመጣ መመሪያ ነው፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ ሰላም ማለት አይሆንልኝም፣ ስለ ፊውዝ ግን እስከ ፈለጉት ድረስ አወራለሁ። የልጅ ልጆቼ መነጽሬን በሚፈልጉልኝ ዕድሜ በሦስት ከተማ ሦስት ሰርቨር አቁሜ በኢንተርኔት መስመር አነጋግሬያለሁ። በዚህ ዞን ይህን ያደረገ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና አጠገቤ ይቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የነጋዴዎቹ ማኅበር በሦስቱም ከተሞች መጋዘን አለው። ሞባይሉ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን አይሠራም። «የራሳችንን ስልክ ሥራልን» አሉኝ። በየጣሪያው አንቴና ሰቀልኩ፣ በየመጋዘኑ አንድ ኮምፒውተር አስቀመጥኩ፤ ሰርቨር የምለው እሱን ነው። የቀረው፣ የትኛው ቁጥር የትኛው ከተማ እንዳለ ማን ይወቅ የሚለው ነበር። ብዙ ሰው አንዱን ሰርቨር አለቃ ያደርግና ሌሎቹ እሱን እንዲጠይቁ ያዛል። እኔ እምቢ አልኩ። የከሚሴ መብራት በጠፋ ቁጥር ሮቢትና ሰንበቴ ሊደነቁሩ ነው? አለቃ የሌለበት መንገድ አለ። እያንዳንዱ ሰርቨር የሚያውቀው የራሱን ቁጥሮች ብቻ ነው። የማያውቀውን ሲጠየቅ ጎረቤቶቹን ይጠይቃል፤ እነሱም ካላወቁ ጎረቤቶቻቸውን ይጠይቃሉ። የሚያውቀው «እኔ ጋ አለ፣ በዚህ በኩል ግባ» ይላል። ባዳ መጥቶ እንዳይጠይቃቸው ቁልፍ አለዋውጫቸዋለሁ፤ ቁልፉን ላላሳየ መልስ የለም።

ይህን የሚያስረዳው ወረቀት ወፍራም ነበር። የገባኝ ግን ሰንበቴ ገበያ ላይ ነው። በገበያ ቀን ከቆላ የሚመጡት አፋሮች ሲገናኙ ለዳጉ፣ ለወሬ ልውውጣቸው፣ ይቀመጣሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይናገራል፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ግመል የት ታየ፣ ማን ታመመ። በዓይኑ ያየውን ለብቻ፣ ከሰው የሰማውን ለብቻ ነው የሚናገረው። አንድ ቀን ከበሬዎቹ ጀርባ ቆሜ ሳያቸው «ሰርቨር ማለት ይሄ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ሆንክ፣ አንተ የሽቦ ሼህ? ጂን ነካህ እንዴ?» አለኝ አጠገቤ የቆመው ጓደኛዬ።

ጓደኛዬ የከብት ደላላ ነበር። የሰንበቴው መጋዘን ከቤቱ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ የሰርቨሩን ባትሪ የሚያየው እሱ ነው፤ ለቤቱም አንድ ስልክ አስገባሁለት። ድምፁ ከገበያው ዳር እስከ ዳር ይሰማል። እኔም ድምፅ ፈልጌ ነበር። ሰርቨሮቹ እርስ በርስ ሲጠያየቁ መስመሩ ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ሰዉ ተበላሸ ብሎ ይዘጋል። ስለዚህ መልሱ እንደተገኘ አንድ ሰው መናገር አለበት። ማይክሮፎኑን አፉ ላይ አደረግሁለት።

«ምን ልበል?»

«ቁጥሩ ከተገኘ ጂራ በል። ካልተገኘ ሂንጂሩ በል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ገበያ ለገበያ የጮህኩት ለዚህች ነው? ትንሽ ስድብ እንኳ ልጨምርበት።»

«ጨምርና ሁለታችንንም ያባርሩን።»

ሳቀ። ጉሮሮውን ጠራርጎ «ጂራ» አለ። ቆየት ብሎ «ሂንጂሩ» አለ። ከዚያ ማይክሮፎኑን እየመለሰልኝ «ወላሂ፣ የሰው ሁሉ ዋስ አደረግኸኝ» አለ።

እኛ አገር አማርኛና ኦሮምኛ አንድ አፍ ውስጥ ነው የሚያድሩት። ጂራ ማለት አለ ማለት ነው፤ ቤት ውስጥ አለ፣ በሕይወት አለ፣ ሁለቱንም። ሂንጂሩ ደግሞ የለም ነው። አማርኛው ግን ስለ ራሴ ስናገር «አለሁ»፣ ስለ ሌላው ሰው ስናገር «አለ» ያሰኘኛል። ኦሮምኛው እዚህ ላይ አይለይም። ጂራ ያለ ሰው ስለ ሌላው ይሁን ስለ ራሱ ከቃሉ ብቻ አይታወቅም። ድምፁን ስቀዳ ይህን አላሰብኩትም። ማን ያስበዋል?

ጓደኛዬ በአጨዳ ወራት ታመመ፤ ብዙም አልቆየ። አላህ ይርሀመው። ሚስቱ ዒዳዋን፣ የሐዘን ወራቷን፣ እዚያው ሰንበቴ ጨረሰች። ከዚያ የከሚሴው መጋዘን ጸሐፊ የሆነችው ልጇ ወደ ራሷ ቤት አመጣቻት። የሰንበቴው ቤት ተቆለፈ። ስልኩን ማንም አላስታወሰውም።

ከሰነበተ በኋላ ልጅቷ ከሚሴ ያለው ሱቄ ድረስ መጣች። አልተቀመጠችም።

«አባባ፣ ስልክዎ እናቴን ሊወስድብኝ ነው።»

«ስልክ ሰው አይወስድም፣ ልጄ።»

«ምሳዬን ይዛልኝ መጋዘን ትመጣለች። እኔ ዞር ስል የአባቴን ቁጥር ትደውላለች። ጂራ ይላታል። ከዚያ እዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ሲጠራ ትሰማለች። አሁን ልብሷን ቋጥራለች። ሰንበቴ ገብቼ ልኖር ነው ትላለች፤ ብቻዋን፣ በዚያ ዓይኗ!»

ሴትዮዋ ዓይኗ ደክሟል፤ የውሃውን ባልዲ ከደረጃው የማትለይበት ቀን አለ።

«ሞቷል አላልሻትም?»

«ብያታለሁ እንጂ! ‹ራሱ አለሁ እያለኝ በር ቆልፌበት ልቀመጥ?› አለችኝ።»

ከዚያ ልጅቷ «ይንቀሉልኝ» ብላ የሰንበቴውን ቤት ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። እናቷ ከሄደች ወዲያ የምትመልሳት አይመስላትም ነበር።

በማግሥቱ ሰንበቴ ሄድኩ። እኔ ጂን የምፈራ ሰው አይደለሁም፤ ኤሌክትሪክ ስንት ጊዜ ይዞ የለቀቀኝን እኔን ጂን ምን ያደርገኛል? በሩን ከፍቼ ገባሁ። ዱላው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ኮፍያው በምስማሩ ላይ ነው። ስልኩ መስኮቱ ሥር አቧራ ለብሷል። ገመዱን ልነቅል ጎንበስ ስል ጠራ።

ከከሚሴ መጋዘን እንደሆነ መስታወቱ ላይ ይነበባል። የምሳ ሰዓት ነበር። እጄን ዘርግቼ ቀረሁ። ባነሳው ምን ልል ነው? እሷ «ጂራ» የሚለውን የባሏን ድምፅ ሰምታ እየጠበቀች ነው፤ ከዚያ የሚተነፍስ ሰው ብትሰማ ከሚሴ አታድርም። አላነሳሁትም። ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ፣ የምትሰማኝ ይመስል። ጠርቶ ጠርቶ ሲያቆም ገመዱን ነቀልኩ። ወደ መጋዘኑ ዞሬ ቁጥሩን ከሰንበቴ ሰርቨር ላይ ሰረዝኩና ሥራውን እንደ ጨረሰ ሰው ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ቀን የከሚሴው መጋዘን ስገባ ሴትዮዋ ራሷ ጠራችኝ። ፊቷ በርቷል።

«አንተ የሽቦ ሼህ፣ ና እስኪ። ሌላ ጊዜ ጂራ ይለኝና ስልኩ ይጠራ ነበር። ዛሬ ጂራ አለና ዝም አለ። አይጠራም።»

«እና?»

«እናማ አንስቶታል። አንስቶ ያዳምጠኛል።»

ልጅቷ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የሆነውን ሳልቀመጥ ገባኝ፤ ይህን ቶሎ የሚረዳ ሰው ብዙ አይገኝም። ሰርቨር ከጎረቤቱ የሰማውን መልስ ይይዘዋል፤ ለመልሱ ዕድሜ ይሰጠዋል፤ ዕድሜው ሲያልቅ ይረሳዋል። እኔ ዕድሜውን አርዝሜ ነበር፣ መስመር ሲቆራረጥ ቶሎ እንዳይረሱ። የሰሙትንም እንደ ራሳቸው ዕውቀት ለጎረቤት እንዲያቀብሉ ፈቅጄ ነበር። ሌላ ሰው ስህተት ይለው ይሆናል፤ ለዚህ አገር መስመር ጥንቃቄ ነው። ግን አሁን ከሚሴ ለሮቢት ጂራ ትላታለች፣ ሮቢት መልሳ ለከሚሴ ጂራ ትላታለች፣ አንዷ ልትረሳ ስትል ሌላዋ ታስታውሳታለች። ሰንበቴም ያጠፋሁባትን ቁጥር ስትጠየቅ ሮቢትን ትጠይቅና «አንቺ ጋ ነው ያለው» ትባላለች። ሦስት ማሽን ተቀምጠው አንድን የሞተ ሰው አለ፣ አለ እየተባባሉ ነበር። ያዩትን ከሰሙት የሚለይ አንድም አልነበራቸውም።

ሴትዮዋን ለምኜ እስከ ነገ አስቆየኋት። «ጉዞው ላይ የሚያግዝሽ ሰው እፈልግልሻለሁ» አልኳት። ቋጠሮዋ ከበሩ ጀርባ ነበር።

ጠዋት የከሚሴን መስመር ነቀልኩ፣ የያዘችውን መልስ ሁሉ አጠፋሁ፣ በዓይንሽ ያላየሽውን አለ አትበይ የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩላት። መስመሩን ሳልመልስ ሮቢት ወርጄ እዚያም ያንኑ አደረግሁ። ሁለቱ እንደተነቀሉ ሰንበቴ ገባሁና እሷንም አጠራሁ። ሳይነጣጠሉ ባጠራቸው ኖሮ መልሰው ይነጋገሩና እንደገና ያስታውሱት ነበር። ስመለስ ሮቢትን ሰካሁ፣ ከሚሴን ሰካሁ። አሥር ሰዓት ገደማ መጋዘኑ ደረስኩ። ሴትዮዋ ቋጠሮዋን ታቅፋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«እህቴ፣ ከመሄድሽ በፊት እስኪ ደውይለት።»

«አባባ!» አለች ልጅቷ።

«ተዪኝ» አልኳት።

ሴትዮዋ ቁጥሩን በጣቷ ዳብሳ ተጫነችው። ከሚሴ አላወቀችም፤ ሮቢትን ጠየቀች። ሮቢት አላወቀችም፤ ሰንበቴን ጠየቀች። ዝምታው ከሌላው ጊዜ ረዘመ። ግቢው ውስጥ የሚጫነው አይሱዙ ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ከጆሮዋ አልፎ ሦስታችንም ሰማነው፤ ያ የገበያ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፦

«ሂንጂሩ።»

ስልኩን ከጆሮዋ አላወረደችውም። «የለሁም አለኝ» አለች።

ልጅቷ ከጠረጴዛዋ ተነሥታ ወደ እናቷ መጣች።

«ከራሱ አፍ ሰማሁት። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።» ሞቱን ገና አሁን የተረዳች መሰለች። አለቀሰች፤ ልጇም አብራት አለቀሰች። የቀብር ቀን አላለቀሰችም ነበር፤ ያን ያስታወስኩት አሁን ነው።

ካበቃች በኋላ «ድምፁን ላጥፋው?» አልኳት። «ሌላ ሰው ልቅዳበት?»

ዓይኗን ጠረገች። «ምን በደለህ? ተወው ይናገር። እሱ እንደሆን ዝም ማለት አይሆንለትም።» ቋጠሮዋን ለልጇ ሰጠቻት። ያን ማታ ልብሶቿ ከልጅቷ ልብስ ጋር አንድ ሳጥን ገቡ።

ድምፁ እንዳለ ነው። ነጋዴው ነጋዴውን ሲፈልግ ጓደኛዬ ጂራ ወይም ሂንጂሩ እያለ ይመልሳል፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም፤ የሠራሁት ነገር አይሳሳትም። የሚያሳርፍ ነገር ይመስላል። እኔን ግን አላሳረፈኝም።

መስመሩን የምፈትሸው እኔ ነኝ። ሮቢት ስወርድ ከመጋዘኑ ስልክ የማውቀውን ቁጥር መደወል አለብኝ፤ የምደውለው የራሴን ነው፣ ከሚሴ ያለውን የሱቄን። ሱቁን ቆልፌው ነው የወጣሁት። ሮቢት ትጠይቃለች፣ ከሚሴ ትመልሳለች። ያኔ ያ ድምፅ «ጂራ» ይለኛል። ስለ እኔ ይሁን ስለ ራሱ ቃሉ አይለይም። ቀጥሎ ስልኩ በተቆለፈው ሱቄ ውስጥ ሲጠራ እሰማለሁ። ለፍተሻው ስልኩ እስኪነሳ መጠበቅ አያስፈልግም፤ መስመሩ መሥራቱን አውቄያለሁ። ቢሆንም ጥቂት አዳምጣለሁ። ከዚያ ቶሎ ብዬ እዘጋዋለሁ፣ ማንም ሳያነሳው።