ፀሐይ ያጎበጣት ሰዓት

ታላቅ ወንድሜ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ጠጋኝ ስል፣ የሰው ሬዲዮ ፈታትቶ ወር የሚያስቀምጥ፣ ባለቤቱ ሲመጣ «ነገ» የሚል ዓይነት። ልቡ ያለው ሰዓት ላይ ነበር። ከተቃጠለ ሬዲዮ ሽቦና ማግኔት፣ ከወላለቀ የጠረጴዛ ሰዓት ጥርሳ ጥርሱን እየለቀመ በሁለት ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የግድግዳ ሰዓት ያበጅ ነበር። የቤታችን ሰዓት ፊቷ የተጫረ የዘፈን ሸክላ ነው። ቁጥሮቹን በነጭ ቀለም የጻፍኩት እኔ ስሆን፣ ስድስቷ ስለተወላገደችብኝ ሁልጊዜ ይስቅብኝ ነበር።

ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሲሄድ በር ላይ ቆሞ ያለን ስለ ሰዓቷ ነበር። «ከቆመች ማንም እንዳይነካት። ስመጣ እኔው አያታለሁ።»

ባትሪ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ስለዚህ እንደ ጎረቤቶቻችን ሁሉ የደከመውን ድንጋይ አውጥተን ፀሐይ እናሞቀዋለን፤ ጥቂት ቀን ይሠራል፣ መልሶ ይደክማል። አንድ ቀን እኔ ውጫሌ ገበያ ውዬ ስመለስ ሰዓቷ ግድግዳው ላይ የለችም። ለካ ቆማ ኖሮ፣ እማ ባትሪውን ብቻ እንደማውጣት ሰዓቷን እንዳለች አውርዳ ደጅ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ፀሐይ አስጥታታለች። ከዙሁር ሶላት እስከ አስር ሶላት ተሰጥታ ውላለች። ሸክላው እንደ ደረቀ ቆዳ ጎብጦ ቆጣሪዎቹን ይዟቸዋል።

ጮኽኩባት። እናቴ ላይ እንደዚያ መጮኼ ዛሬም ያሳፍረኛል።

«ነፍስ ትዘራለች ብዬ ነበር እኮ ልጄ» አለችኝ፣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ።

ወንድሜ ከሰሜን በጻፈው ደብዳቤ ሁሉ መጨረሻ ላይ «ሰዓቷስ?» ይላል። እማ «ትሠራለች በይው» ትለኛለች። እጽፋለሁ። አንዴ ለሰዓቷ ጥሩ ሽቦ እንዳገኘና እንዳስቀመጠ ጻፈልን፤ እኔም «ደስ ብሏታል» ብዬ መለስኩ። ምን ዓይነት ጅል ነበርኩ! ከዚያ በኋላ ደብዳቤ አልመጣም።

በዚያው ሰሞን አንድ መምህር በራችንን አንኳኳ። ሰው በቤቱ የሠራውን የኤሌክትሪክ ሰዓት የሚሰበስብ ሰው ነው። ግድግዳው ሙሉ ሰዓት ነው ይባላል፤ ሁለቱ እንኳ እኩል አይቆጥሩም። የወንድሜን እጅ ያውቀዋል።

«የቆመችም ብትሆን ግድ የለኝም፣ እናቴ። ይሽጡልኝ።»

«ባለቤቷ ሲመጣ ጠይቀው» አለችው እማ።

በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ይመጣል፤ በየዓመቱ «ሲመጣ ጠይቀው» ትለዋለች። እኔ ተስፋዬን ቆርጬ ነበር፣ ግን አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም። መርዶ አልመጣ፤ ለማን ለቅሶ እንቀመጣለን? ጎረቤት እንኳ ምን ብሎ እንደሚያጽናናን ግራ ገብቶት እኛን ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር።

አንድ ጠዋት እማ ሰዓቷን በወንድሜ ሸሚዝ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ያ ሸሚዝ እሱ ከሄደ ጀምሮ ሳይታጠብ ሣጥን ውስጥ የኖረ ነው።

«ለመምህሩ አድርሽለት።»

«ገንዘቡን ምን ልበለው?»

«ምንም አትቀበይ።»

«እማ፣ ማንም እንዳይነካት ብሎ አልነበር?»

ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

«ይንኳት» አለች። «አሁንማ ማንም ይንካት።»