ጾመኛ ያሰኘኝ በሽታ

ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ የጾም ጸሎታችን ሁለተኛ ቀን ነው፤ ለእኩለ ቀን ሃያ ደቂቃ ይቀራል። ሰው ፊት መናገር እንደማልወድ ታውቃላችሁ። ነገር ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልመሰክር ይህ ጾም እንዲያልፍ አልፈለግሁም። ደግሞም የማርመው ስህተት አለኝ፤ የተሠራው እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ብዙዎቻችሁ «ጾመኛው» ትሉኝ ነበር። በአዲስ ዓመት መግቢያ የሃያ አንድ ቀን ጾም ታውጆ እናንተ ማታ ማታ ትፈቱ ነበር፤ ሲያልቅም ተቃቅፋችሁ በላችሁ። እኔ አላቆምኩም። ቤት ለእናቴ «ቤተ ክርስቲያን በልቻለሁ» እላታለሁ፤ እዚህ «ጾም ላይ ነኝ» እላለሁ። ሁለቱም ውሸት ነበር። የረቡዕ ጸሎት መሪያችን ጋሽ ታደሰ አንድ ቀን ማይክሮፎን ይዘው «ወጣቶች፣ ከዚህ ልጅ ተማሩ!» አሉ። እናንተም «አሜን» አላችሁ። ያን አሜን ይዤ በሜትሮ ወደ ሰፈሬ ወደ ሆግቭሊት ተመለስኩ፤ እራትም አልበላሁም።

የሆነውን በትክክል ልንገራችሁ። መጀመሪያ ላይ ይርበኝ ነበር። ቆይቶ ግን ምግብ ሳይ ልቤ ይደልቅ ጀመር። ቁራሽ ዳቦ ፊቴ ሲቀመጥ ውሻ የመጣብኝ ያህል እደነግጣለሁ። ሳልበላ ስውል ድንጋጤው ይለቀኛል፤ ረጭ እላለሁ። ያን ጸጥታ የመንፈስ ቅዱስ ሰላም ነው ብዬ በዚሁ መድረክ ተናግሬአለሁ። አልነበረም። ጌታ ይቅር ይበለኝ። ብሎኛልም፤ ስሙ ይባረክ!

ሥራዬ ስልክና ላፕቶፕ መጠገን ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ እየከፈትኩ አይቼ ነው የለመድኩት። ትንንሾቹን ብሎኖች መያዝ ሲያቅተኝ እንኳ ደከመኝ እንጂ ታመምኩ አላልኩም። አንድ ረቡዕ ከጸሎት ስመለስ የሜትሮ ጣቢያው ደረጃ ላይ ወደቅሁ።

እናቴ የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። የደንብ ልብሷን ሳትቀይር ሆስፒታል ደረሰች። ሐኪሟ ስለ አመጋገቤ ስትጠይቅ እናቴ ቀና ብላ «ልጄ የጸሎት ሰው ነው፤ ይጾማል» አለቻት።

«መቼ መቼ?»

«ረቡዕ… ዓርብም…» እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ፣ የማትጾመው መቼ ነው?»

ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳብኩት።

ሐኪሟ አልሸፋፈነችም። «ልብህ ቀስ ብሎ ነው የሚመታው። እንዲህ ከቀጠልክ ሊቆም ይችላል» አለችኝ። የበሽታው ስም አኖሬክሲያ እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ የሴቶች ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ወረቀት ላይ ጭንቅላት ሣለችልኝ፤ ወረቀቱ እስካሁን አለኝ።

«ሆድህ ረሃብን ይልካል» አለችኝ። «ጤነኛ ሰው ሲርበው አእምሮው ምግብ ይፈልጋል፤ ሲያገኝም ደስ ይለዋል። ያንተ አእምሮ ግን ምግብን እንደ አደጋ መቁጠር ተምሯል። ፍርሃቱ ቀድሞ ይደርስና ረሃቡን ያስቆመዋል። አለመብላት ፍርሃቱን ስለሚያስታግስልህ ደግሞ አእምሮህ አለመብላትን እንደ ሽልማት ይወስደዋል።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚርበኝ?»

«እሱን አትጠብቅ። ለጊዜው ረሃብህን ሳይሆን ሰዓቱን እመን። ሰዓቱ ሲደርስ ብላ፤ አእምሮህ እየበላ ይማራል።»

በኋላ ራሴ ፈልጌ አነበብኩ። ያልታወቀው ገና ብዙ ነው፤ ዋናው ነገር ግን እሷ እንዳለችው ነው።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ታደሰ መጡ። ጾሜን እንዳላቋርጥ ይጸልዩልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አጥፍቻለሁ ልጄ» አሉ። «ለበሽታህ በማይክሮፎን አጨበጨብኩለት።» ቀጥለውም «ከዛሬ ጀምሮ ከጾም ተከልክለሃል። ጾም ስናውጅ ትበላለህ። ተደብቀህ አይደለም፤ መካከላችን ተቀምጠህ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሌላው እየጾመ?»

«ሌላው እየጾመ! ጾማችን አንተን አንድ ቦተራም፣ አንድ ቁራሽ ዳቦ እንኳ፣ ካላስበላ ለማን ነው የምንጾመው?»

ወገኖች፣ በእውነት ወደ ጌታ የተመለስኩት ያኔ ነው። በቤተ ክርስቲያን አድጌአለሁ፤ ግን አልጋው ላይ ሆኜ «ጌታ ሆይ፣ እስከ ዛሬ ያመንኩት አለመብላቴን እንጂ አንተን አልነበረም» አልኩት። ሌላ ጸሎት አላወቅሁም። እሱ ግን ሰማኝ፤ ክብር ለስሙ!

በቀጣዩ ጾም እዚህ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ቺዝ ያለበት ቦተራም ይዤ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ እማማ አልማዝ «አንተ ልጅ፣ በል ዋጥ ዋጥ አድርገው! ሽታው ከጾማችን ሊያስወጣን ነው!» አሉ። ሁላችሁም ሳቃችሁ፤ እኔም ሳቅሁ። ለመጨረስ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ማንም «ፍጠን» አላለኝም፤ ጋሽ ታደሰም ከአጠገቤ አልተነሱም።

ጌታ በአንድ ቀን አልፈወሰኝም። በቀን ስድስት ጊዜ ነው የፈወሰኝ፤ ሰዓት እየጠበቀ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። ደንሃግ ከተማ ያለችው የምግብ ባለሙያዬ ሰዓቶቹን ስትጽፍልኝ የጌታ እጅ በእሷ ብዕር ላይ ነበር ብዬ አምናለሁ። ፍርሃቱ ዛሬም አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ሲመጣም እበላለሁ።

ባለፈው ወር ደግሞ ይህ ሆነ። አንድ ስልክ ከፍቼ እየሠራሁ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተሰማኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ የመብያዬ ሰዓት ገና ነው። ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማ፣ ርቦኛል።»

«ምን አልከኝ?»

«ርቦኛል።»

«እስቲ ድገመው!»

ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ መጦሪያው ውስጥ፣ ከነዚያ ሁሉ አረጋውያን ፊት፣ እልል አለች። ሃሌ ሉያ!

እዚህ መካከል እንደ እኔ በጾም ስም የተደበቀ ሰው ካለ፣ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዛሬ ለአንድ ሰው ንገሩ፤ ሐኪም ጋም ሂዱ። ጌታን እመኑት። በረሃባችሁ ልትገዙት አያስፈልግም፤ አስቀድሞ ወዷችኋል።

እኩለ ቀን ሆነ። እናንተ ጸልዩ። እናቴ ቦተራሙን ወንበሬ ላይ አስቀምጣልኛለች፤ እማማ አልማዝም ሽታውን ሸሽተው ቦታ ሲቀይሩ አይቻለሁ። ጌታ ይመስገን፤ ልበላ ነው።