ታቦት የሌለው ስም

የልጅ ልጄ ባለፈው ወር ወንድ ልጅ ወለደች። ባሏ ደሴ ቢሮ የሚሠራ ጨዋ ልጅ ነው፤ ክፉ አልለውም። ግን ስልክ ደውሎ፣ «አባባ፣ ስሙን አትላስ ልንለው ነው» አለኝ። ትርጉሙን ብጠይቀው የግሪክ ተረት ነው፣ ሰማይን በትከሻው የተሸከመ ሰው ነው አለ። ገና አርባ ቀን ላልሞላው ልጅ ሰማይ ምን ያሸክሙታል? ይህን አላልኩትም። «ጥሩ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እንደ እውነቱ የግሪክ ስም ስሰማ ሆዴ ይጠረጥራል። ከብዙ ዘመን በፊት ኦርፌዎስ የሚባል ሰው እህቴን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አባታችን ሞቶ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ታናሽ እህቴን እታገኝን የምድራትም እኔው ነበርኩ። ሰውየው መካነ ሰላም የወፍጮ ሞተር ሊያንቀሳቅስ ከደሴ የመጣ ነው። በከተማው ያለው ወፍጮ አንድ ብቻ ስለነበር ከሩቅ ሁሉ እህል ተጭኖ ይመጣል፤ ሴቶቹ ወረፋ ይዘው ግማሽ ቀን ይቀመጣሉ። እታገኝም ገብስ ልታስፈጭ ሄዳ ነው ያወቀችው። ረጅም፣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት የለበሰ ሰው ነበር። ሰው ሁሉ ያመሰግነዋል። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያመሰግነውን መጠርጠር ከልጅነቴ ጀምሮ አለብኝ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ እሑድ ቀን፣ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ አንድ ቄስና አንድ ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ። እንደ ወጉ ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ። እታገኝ ጓዳ ሆና ታዳምጣለች። የዓመት በዓል ቀሚሷን ለብሳ ነበር፤ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

ዘር መቆጠር አለበትና እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩልኝ አልኩ። ቄሱ ጀመሩ። አባቱ ይመር፣ አያቱ መሐመድ፣ ቅድመ አያቱ ወልደ ሥላሴ እያሉ ወረዱ። ይህ እዚህ አገር ማንንም አይደንቅም። ወሎ ነው፤ የኔም አያት ሰይድ ይባሉ ነበር፣ የተቀበሩት ግን ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔን ያልጣመኝ መጀመሪያ ላይ ያለው ስም ነው።

«አባ፣ ይህ ኦርፌዎስ የሚሉት በዓሉ መቼ ይውላል?» አልኩ።

ቄሱ ጢማቸውን ያዙ። «አጠራሩ እንኳ እንደ ጢሞቴዎስ፣ እንደ ማቴዎስ ነበር።»

«ታቦቱስ የት አለ?»

«ልጄ፣ ታቦቱን እኔም አላውቅ።»

«እንግዲህ የክርስቲያንም አይደለ፣ የእስላምም አይደለ። የማን ስም ነው?»

ነጋዴው ሳቅ አለ። «አብሽር፣ አንተ ሰው። ልጅቱን የሚያገባት ስሙ ነው እንዴ?»

«ስሙን ከደበቀን ሌላም የደበቀው ነገር አለ» አልኩት።

በኛ አገር ስም ዝም ብሎ አይወጣም። እናት ያዘነችበትን ወይ የተመኘችውን ነገር በልጇ ስም ትናገራለች። ማንም የማይፈታው ስም ያለው ሰው ግን የራሱን ጥሎ የመጣ ነው ብዬ አመንኩ። ያኔ ደም ያለበት ሰው ስሙን ለውጦ ወንዝ ይሻገር ነበር፤ ሚስት ጥሎ የሚመጣም አይታጣም። የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጠኋቸውና አገሩን ላጣራ ተነሣሁ። የአባቱ ወገኖች ኩታበር ናቸው ብለውኝ ነበር።

በእህል ጭነት መኪና ላይ ከጆንያው ጋር ተጭኜ ደሴ ደረስኩ። ታኅሣሥ ስለነበር አቀስታ ላይ ውርጩ ሜዳውን ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎታል፤ አፍንጫዬ ይኑር አይኑር አላውቅም። ከደሴ ኩታበር ገብስ ቆሎ እየቃምኩ በእግሬ ወጣሁ። ቀኑ የገበያ ቀን ነው። ለምን እንደመጣሁ ለማንም አልነገርኩም፤ ለጠየቀኝ ሁሉ በሬ ልገዛ ነው እላለሁ። ጌሾ ከሚሸጡ አንዲት ባልቴት አጠገብ ቁጭ አልኩ።

«እናቴ፣ ኦርፌዎስ የሚባል ሰው ያውቃሉ?»

«ማን አልክ?»

«ኦርፌዎስ።»

«እንዲህ የሚባልስ እዚህ አልተወለደም። የማን ልጅ ነው፣ የኔ ጌታ?»

የይመር ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። የአባቱን ስም ከሰጠኋቸው ዘመዶቹ ይሰሙና ተመካክረው ደህና ሰው ነው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ሰው ከሆነ በራሱ ስም ይታወቅ አልኩ። ሌላ አምስት ስድስት ሰው ጠየቅኩ፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። የጠረጠረው ነገር ልክ ሆኖ ያገኘ ሰው ይህን ደስታ ያውቀዋል።

ስመለስ በቀጥታ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ሞተሩ ቆሟል፤ እሱ የሞተሩን ቺንጊያ፣ ድንጋዩን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ይጠግናል።

«የስምህ ትርጉም ምንድነው?» አልኩት፤ ሰላምም አላልኩት።

ቀስ ብሎ ነገረኝ። ኦርፌዎስ የጥንት የግሪክ ዘፋኝ ነው፤ ሲጫወት ድንጋይ እንኳ ይከተለው ነበር። ሚስቱ ሞተችበት። ሙታን ያሉበት ድረስ ወርዶ እየዘፈነ ቢለምን መለሱለት፤ ነገር ግን ከበሩ እስክትወጣ ድረስ ዞረህ እንዳታያት አሉት። እሱ ከፊት እሷ ከኋላ ሆነው ሲመጡ ኮቴዋ አልሰማ አለው። ተጠራጠረና በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። እዚያው ቀረች።

«እኔም ብሆን እዞራለሁ» አልኩት። «ማንን አምኜ?»

«አንተማ ትዞራለህ» አለ።

ይህ ንግግሩ አንገበገበኝ። «ኩታበር ሄጄ ነበር። ማንም አያውቅህም።»

እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ማን ብለህ ጠየቅክ?»

«የጠየቅኩትን እኔ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አውቀሃል» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው ሲመጡ ቁጭ በሉም ሳልል ከደጅ መለስኳቸው። እሱም ጥምቀት ሳይደርስ መፍቻዎቹን ሰብስቦ ከመካነ ሰላም ወጣ። በዓመቱ እታገኝን ለአጅባር ሰው ዳርኳት። ሰባት ቤቱን ከራሴ አስበልጬ የማውቀው ሰው ነው። ክፉ አልነበረም። ግን ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር ሁለቱ ሲጫወቱ ሰምቼ አላውቅም።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ኩታበር ልቅሶ ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ስለ ዘመዳቸው ያወራሉ፤ የይመር ልጅ በላይ፣ የወፍጮ መካኒክ። እናቱ ደሴ ላይ ወልዳው በአራስነቷ ሞተች። ልጇ የሞተባት አንዲት የግሪክ ነጋዴ ሚስት ጡቷን ሰጥታ አሳደገችው፣ በሞተባት ልጇም ስም ጠራችው። «እኛ በላይ ነው የምንለው» አሉ ሽማግሌው። «እሱ ግን ያጠባችኝ እናት ያወጣችልኝን ስም አልጥልም ይላል።»

በእጄ የያዝኩትን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለስኩት። እኔን ራሴን እናቴ ደምሌ ትለኝ ነበር፣ ቀበሌ መዝገብ ላይ መኮንን ነኝ፤ የክርስትና ስሜን ደግሞ መተት እንዳይሠሩብኝ እዚህም አልጽፈውም። ሦስት ስም ይዤ ነው ሰውየውን በሁለት ስም የኮነንኩት። ይህን ለእታገኝ አልነገርኳትም። ባሏ ሞቶ ወደኔ ቤት ከተመለሰች በኋላ እንኳ አፌ እንቢ አለኝ።

ትናንት ሕፃኑ እዚሁ መካነ ሰላም ክርስትና ተነሣ። ካህኑ የክርስትና ስም አወጡለት፤ ቤት ሲገባ ግን ሁሉም አትላስ እያለ ይቀባበለው ጀመር። እንግዳው ቀለል ሲል እታገኝ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። የኩታበሯን ባልቴት፣ የይመር ልጅ ብዬ አለመጠየቄን፣ ልቅሶ ላይ የሰማሁትን፣ ምንም አላስቀረሁም።

ቀና አላለችም። «በላይ መባሉንማ አውቅ ነበር፣ አያ» አለች። «ያሳደገችውን ሴትዮም። ወረፋ ስጠብቅ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ያኔ ምነው ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ? አንተ ኩታበር ድረስ ሄደህ አገር ስትጠይቅ እኔ እዚሁ ጓዳ ነበርኩ።»

እኔ ትርጉሙን የማላውቀውን ስም ዛሬም አላምነውም፤ በዚህ ዕድሜዬ አልለወጥም። በሕይወቴ ከበሬ ሻጭ እስከ ዳኛ ያላጣራሁት ሰው የለም። በአንድ ጣራ ሥር ያደገችውን እህቴን ግን ምን ታውቂያለሽ፣ ምንስ ትፈልጊያለሽ ብያት አላውቅም። ትናንት ስለዚያ ሰው ሌላ ምን እንደምታውቅ ልጠይቃት አሰብኩ። ከዚያ መልሷን ፈራሁና ሰፌዱን ወደኔ ሳብ አድርጌ ምስሩን አብሬያት መልቀም ጀመርኩ።