አባቴ «እረጂው!» ያለኝ ጠዋት

እናንተ የአደን ፈቃድ ያወጣችሁት ገና ባለፈው ወር ነው፤ አፋችሁ ግን አንበሳ የገደለ ይመስላል። ተቀመጡ እስቲ። ስለ አባቴ ልንገራችሁ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስድስት፣ ኖቬምበር፣ የአጋዘን አደን የሚከፈትበት ቅዳሜ ነው። ሦስት ነበርን፤ አባዬ፣ ወንድሜ ዮናስና እኔ። አባዬ ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። ጎሬ ጫካ ውስጥ ጎሽ ሲያድን ያደገ ሰው፣ እዚህ አገር ሴዳር ሪቨርሳይድ የሚባለው ሕንፃ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ በመስኮት መኪና ሲያይ ይውል ነበር። ስኳር አለበት፤ ግራ ጉልበቱ አይታጠፍም። ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ያቺን ቅዳሜና እሁድ ነው።

ዮናስ «አባዬ ዘንድሮ ይቅርበት» ብሎ ነበር። ኤደን ፕሬሪ ከተማ ያለ መጋዘን ውስጥ ሱፐርቫይዘር ስለሆነ ለእሱ ነገር ሁሉ «ሴፍቲ» ነው። «ሳባ፣ ሲሪየስሊ፣ ደረጃ እንኳ መውጣት አይችልም። የሆነ ነገር ቢሆን ሆስፒታሉ አንድ ሰዓት ድራይቭ ነው» አለኝ። «ታዲያ ምን እናድርገው? ሶፋ ላይ እናድርቀው?» አልኩት። ተጣላን። አባዬ ሁለታችንንም ከመጤፍ ሳይቆጥር ብርቱካናማ ጃኬቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ፣ መኪናው ውስጥ ጋቢና ተቀምጦ ጠበቀን።

ሁለት ሰዓት ወደ ሰሜን ነዳን። ቦታው የዮናስ የሥራ ባልደረባ የሆነ ሽማግሌ ፈረንጅ መሬት ነው፤ ጥድ፣ ረግረግ፣ ዳር ዳሩን ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሸምበቆ። ሌሊቱን በረዶ ጣል አድርጎ ነበር፤ የረግረጉ ውሃም ግግር ይዟል። ነፋሱ ከፊታችን ነው። አባዬ ጎንበስ ብሎ ዱካ አሳየኝ። ሰፊ ኮቴ፣ ከኋላው ሁለት ትናንሽ ነጥቦች፣ በረዶው ላይ የተጎተተ እግር። «ይሄ ወንድ ነው፤ ከባድ ነው። ጠርዙን እዪው፣ ገና አልደረቀም፤ አሁን ነው ያለፈው» አለ። የመድኃኒቱን ጽሑፍ አንብቢልኝ የሚለኝ ሰውዬ!

ዮናስ ረግረጉን ዞሮ ከማዶ ሊመጣ ሄደ። አባዬ የተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀመጠ፤ ዛፍ ላይ መውጣት ከቀረ ቆይቷል። እኔ ከጎኑ በርከክ አልኩ። የእግሬን ጣቶች ብርዱ ከወሰዳቸው በኋላ ሸምበቆው ተንኮሻኮሸ። ቀንዱ ቀድሞ ታየኝ። አባዬ ትንፋሹን ያዘና ተኮሰ። አጋዘኑ ሁለት ጊዜ ዘለለ፤ አርባ እርምጃ ያህል ሄዶ ሸምበቆው ውስጥ ወደቀ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። እዚህ አገር የሚያስተምሩት «ከተኮሳችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ» ነው፤ እናንተም ክላስ ላይ ሰምታችኋል። እኛ ቤት ግን ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ተብሎ ካልታረደ በክት ነው፤ አይበላም። «አባዬ፣ ትንሽ እንቆይ» ስለው፣ «እስኪሞት ጠብቄ በክት ላብላሽ?» ብሎ ጠመንጃውን አስያዘኝና ቢላዋውን መዞ በዚያ ጉልበቱ እያነከሰ ሄደ። እኔ ሁለት ጠመንጃ ይዤ ተከተልኩ። በየዓመቱ እንዲሁ ነበር፤ እሱ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። አባትን ማስቀደም ማክበር ነው ተብለን ነው ያደግነው።

ሦስት እርምጃ ሲቀረው አጋዘኑ ተነሣ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ መጣበት። አባዬ ግግሩ ላይ በጀርባው ተዘረጋ። አንዱ የቀንዱ ጫፍ ጃኬቱን በስቶ ጎኑን ወጋው፤ እንስሳው ግን አልተወውም፣ በግንባሩ ደረቱን ይጫነዋል። ቢላዋው ከእጁ ወጥቶ ተንሸራተተ። መተኮስ አልቻልኩም፤ ከሥር ያለው አባቴ ነው። ጠመንጃዎቹን ጣልኩና ቀንዱን ከኋላ በሁለት እጄ ያዝኩ። እየሞተም ከእኔ ይበረታል፤ ወዲያና ወዲህ ወዘወዘኝ።

«ቢላዋውን አንሺ!» አለ አባዬ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «አንሺና እረጂው!»

«እኔ?»

አትሳቁ። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ዶሮ እንኳ አታርድም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ወንድ ከቤት ከጠፋ ከገበሬ የገዛችውን ዶሮ አንጠልጥላ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ የሚያርድላት አበሻ ስትፈልግ አይቻለሁ።

«ሌላ ማን አለ! በስመ አብ በይና እረጂ!»

የአጋዘኑን አንገት በጉልበቴ ተጫንኩት፤ ቢላዋውን በጣቴ ጫፍ ሳብኩት። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብዬ አረድኩት። ደሙ ትኩስ ነበር፤ በጓንቴ አልፎ እስከ ክርኔ ገባ። ትንሽ ተንፈራገጠና ዝም አለ። ከአባዬ ላይ ገፍቼ አወረድኩት፣ የአባዬን ጎን በስካርፌ ተጭኜ ይዤ አለቀስኩ። ፈርቼ ነው ያለቀስኩት፤ አልደብቃችሁም።

ዮናስ ጩኸታችንን ሰምቶ እየሮጠ ደረሰ። «አይ ቶልድ ዩ! አይ ቶልድ ዩ!» እያለ ተሸክሞት እስከ መኪናው ድረስ ወሰደው። አባዬ ሁለት ጎድኑ ተሰብሮ ነበር፤ ቁስሉ ተሰፍቶ አራት ቀን ሆስፒታል ተኛ።

በሳምንቱ እሁድ ዘመድ ሊጠይቀው ቤት ሲመጣ የአጋዘኑ ሥጋ ተጠብሶ ቀረበ። የአባዬ ታናሽ እህት እትዬ አስካለ ትሪውን ገፋ አደረገችው። «ሴት ያረደችውን አልበላም። ምነው ጋሼ፣ ነውር ረሳህ?» አለች። አባዬ ጎኑን በእጁ ደግፎ ተነሣ። «በእሷ እጅ ተርፌ፣ በእሷ እጅ የታረደውን ልጸየፍ? አምጡልኝ!» አለና ሰው ሁሉ እያየው ጎረሰ። እኔንም አጎረሰኝ፤ ጉርሻው አፌን ሞላው። እትዬ አስካለ እኔ ያረድኩትን እስከ ዛሬ አልቀመሰችም። አትቅመስ! ለእኛ ይተርፈናል።

አባዬ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አብሮን ወጣ። ከፊት የምሄደው ግን እኔ ሆንኩ። አጉረመረመ፣ «ስድ!» ብሎ ሰደበኝ። አልሰማሁትም። ያን ቀን ከኋላው የተከተልኩት አክብሬው ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ «አይሆንም» ማለት ፈርቼ ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዮናስ አሁንም «ያን ቀን ልንገድለው ነበር» ይላል። እውነቱን ነው። ቤት ብናስቀምጠውም እንገድለው ነበር፤ ያኛው ቀስ ብሎ ስለሆነ ጥፋት ነው የሚለን የለም። ስለዚህ እናንተም የቤታችሁን ሽማግሌ ይዛችሁ ውጡ። የወደቀ አጋዘን ዘንድ ስትደርሱ በጀርባው በኩል ቅረቡ፤ ሽማግሌውንም ቅደሙት። ቢቆጣ ይቆጣ።