ገዳዩን ለማየት የዳኑ ዐይኖች

በላይ ጋይንት ከካህናቱ ወገን ውጪ እኔን የሚያህል አንባቢ አልነበረም። ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ከየሥዕሉ ሥር የተጻፈውን እያየሁ በራሴ ለቀምሁት። በጃንሆይ ዘመን አቤቱታ ያለው ሰው ከእስቴም ከስማዳም እኔን ፈልጎ ይመጣ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ሊጠፋብኝ የነበረውን እንድታውቁት ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ አውድማ ላይ ነው። ገብስ ስናበራይ ግራ ዐይኔን እብቅ የገባው መሰለኝ። ታጠብሁ፤ አልወጣም። ቀኙም ተከተለ። የቆረቆረኝ የገዛ ሽፋሽፍቴ ነበር፤ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኔን ይፍቃል። ባለቤቴ በወረንጦ ትነቅልልኛለች፤ ሰንብቶ ብሶ ይበቅላል። ፊደሉ ጭጋግ ሲለብስብኝ በበቅሎ ደብረ ታቦር ወረድሁ።

«ትራኮማ ነው» አለኝ ሐኪሙ። «የዐይንህን ቆብ ቀድጄ እመልሰዋለሁ። ከዚያ በኋላ ፋሻውን ከነካህ ግን ለዐይንህ ዋስ አልሆንም።»

ቀደደ። ሰፋ። ሁለቱንም አሰረ። ጨለመ። ከዚያ ማሳከክ ጀመረኝ።

ከጎኔ እግሩ የተሰበረ የጭነት መኪና ሹፌር ተኝቷል። ከአስመራ ያመጣውን በሥዕል የሚተረክ የጣሊያን ልብ ወለድ መጽሐፍ ለክፍሉ በሽተኛ ሁሉ አስነብቧል፤ ሙሽራው በሠርጉ ዕለት ይገደላል፣ ገዳዩ ከታዳሚው አንዱ ነው። «ጋሼ፣ ይችን ሳያዩ እንዳይሞቱ» አለኝ፤ ዐይኔ መታሰሩን እያየ። ሌሎቹም እየመጡ የሴትዮዋን ጓንት ልብ በል፣ የሰረገላውን ገጽ እንዳትዘል ይሉኛል። ማን ገደለው ስላቸው ጣዕሙ ይጠፋብሃል ብለው ይሄዳሉ። ሹፌሩ ድኖ ሲወጣ መጽሐፉን በወዲያኛው ጎኔ ለተኙት ለቤተ ልሔም ደብር መሪጌታ አልጋቸው ላይ ጥሎላቸው ሄደ።

ሥዕሉን እንዲነግሩኝ መሪጌታን ለመንሁ። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ናቸውና ለአንዱ ነገር ብዙ ፍች መደርደር ልማዳቸው ነው።

«የኔታ፣ በሩን የከፈተው ማን ነው?»

«አንድም አማቹ ነው፤ ኮቱ ይመሰክራልና። አንድም አሽከሩ ነው፤ ቁልፍ ይዟልና። አንድም ነፋስ ነው።»

«ሦስቱም ሊሆን አይችልማ።»

«አንድ ፍች የሚበቃህ አቤቱታ ጸሐፊ ስለሆንህ ነው» አሉኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ።

የአንዲት ባርኔጣ ፍች ብቻ ረፋዱን ሙሉ ፈጀ። ተናደድሁ። አሳከከኝ። እጄ ወደ ፋሻው ሄደ።

«አውርድ» አሉ መሪጌታ። «ያን ጨርቅ ብትፈታ የመጨረሻዋን ገጽ ቀድጄ እበላታለሁ።»

እንደሚያደርጉት አውቃለሁ። እጄን ከወገቤ ሥር አስገብቼ ተኛሁ። ከዚያ ወዲያም እንደዚያው ተኛሁ።

ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ነጭ ብርሃን፣ ቀጥሎ የሐኪሙን ጣቶች፣ ቀጥሎም መጽሐፉን ይዘው ከአልጋዬ አጠገብ የቆሙትን መሪጌታን አየሁ፤ እሳቸውም ጉልበቴ ላይ አኖሩልኝና፣ ሐኪሙ በፈቀደልኝ ልክ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ገጽ እየገለጥሁ፣ ጓንቱንም ሰረገላውንም በገዛ ዐይኔ እያየሁ፣ ገዳዩ ፊቱን እስከሚያዞርባት ሥዕል ድረስ ደረስሁ።

ዐይናችሁ ለሚቆረቁራችሁ ሁሉ፦ ወረንጦውን ጣሉት፤ ፊታችሁን ታጠቡ፤ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ፋሻውን አትንኩ። ሐኪሙን እግዜር ይስጠው። መጽሐፉን መርቀው የሰጡኝን የመሪጌታን ነፍስ ይማር።

እኔ ግን ይህን አድርጌአለሁ፦ ሁለት ዐይኔን አተረፍሁ። ጣሊያንኛ ሳላውቅ የጣሊያን መጽሐፍ ጨረስሁ። ከንፋስ መውጫ እስከ ወገዳ በሽተኛውን ወደ ሕክምና፣ የዳነውን ወደዚያ መጽሐፍ መራሁ። ገዳዩ ማን እንደሆነ የጠየቀኝ ብዙ ነው፤ ለማንም አልተናገርሁም።